ሰፊ ውቅያኖስ፣ ጠባብ ደሴት
የአሚሊያ ኤርሃርት የመጨረሻ በረራና የአቅጣጫ ፍለጋ ሳይንስ

ሰኔ 25 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1937) ማለዳ፣ ከምድር ወገብ እምብዛም በማይርቅ የፓስፊክ ውቅያኖስ ክፍል፣ ኢታስካ የተባለች የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መርከብ ከጭስ ማውጫዋ ጥቁር ጭስ እያወጣች ቆማ ነበር። መርከቧ የቆመችው ከሃውላንድ ደሴት አጠገብ ነው። የሬዲዮ ሠራተኞቿ የአንዲት ሴት ድምፅ ይሰማቸዋል። ድምፁ እየጠራና እየጎላ ሄዶ፣ በመጨረሻ አውሮፕላኗ በራሳቸው ላይ ልትደርስ ነው ብለው እስኪያምኑ ድረስ ቀረባቸው። ከመካከላቸው አንዱ ወደ መርከቡ ወለል ወጥቶ ሰማዩን ቢመለከት አያስደንቅም ነበር። አውሮፕላን ግን አልታየም። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ድምፁ ጠፋ።

የድምፁ ባለቤት አሚሊያ ኤርሃርት ናት። የዚህች ሴት ስም በሚነሣበት ቦታ ሁሉ «ምሥጢር» የሚለው ቃል አብሮ ይነሣል። ስለ መሰወሯ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ፊልሞችም ተሠርተዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ምሥጢሩን እንፈታለን አንልም። ይልቁንም ብዙውን ጊዜ በምሥጢሩ ጥላ የሚሸፈነውን፣ ነገር ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ሊገባን የሚችለውን ጥያቄ እንመለከታለን፤ በ1930ዎቹ የነበረ አንድ በራሪ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ርዝመቷ 2.4 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቷም 800 ሜትር ያህል የሆነች ደሴት እንዴት ሊያገኝ ይችላል? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነዳጅን ለመሸከም ነዳጅ

የረጅም ርቀት በረራ የመጀመሪያው ችግር ክብደት ነው። አውሮፕላን ሩቅ ለመሄድ ብዙ ነዳጅ ይይዛል፤ ብዙ ነዳጅ ሲይዝ ይከብዳል፤ ሲከብድ ደግሞ በአየር ላይ ለመቆየት ተጨማሪ ነዳጅ ያቃጥላል። በዚህም ምክንያት ነዳጅን እጥፍ ማድረግ ርቀትን እጥፍ አያደርግም። በፈረንሳዊው መሐንዲስ በሉዊ ብሬጌ ስም የሚጠራው ቀመር እንደሚያሳየው፣ አንድ አውሮፕላን የሚሄደው ርቀት አውሮፕላኑ ሲነሣ ያለውን ክብደት ነዳጁ ካለቀ በኋላ ለሚቀረው ክብደት አካፍለን ከምናገኘው ቁጥር የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ጋር ተመጣጣኝ ነው። ካልኩሌተር ያላችሁ አንባቢያን ሞክሩት። የነዳጁ ክብደት ከባዶው አውሮፕላን ክብደት ጋር እኩል ቢሆን የ2 ሎጋሪዝም 0.69 ነው። ነዳጁን እጥፍ ብናደርገው የ3 ሎጋሪዝም 1.10 ይሆናል። እጥፍ ነዳጅ ጭነን ያተረፍነው ርቀት 60 ከመቶ እንኳ አልሞላም ማለት ነው።

ጆን አልኮክና አርተር ዊተን ብራውን በጁን 1919 አትላንቲክን ያለማረፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሻገሩ የተጠቀሙበት አውሮፕላን ለቦምብ መጣያነት የተሠራ ቪከርስ ቪሚ ሲሆን፣ በቦምቡ ፋንታ ነዳጅ ተጭኖበት ነበር። ከካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ተነሥተው 16 ሰዓት ከማይሞላ በረራ በኋላ አየርላንድ ደረሱ። ከላይ ለምለም ሜዳ መስሎ በታያቸው ረግረግ ላይ ሲያርፉም የአውሮፕላኑ አፍንጫ ጭቃው ውስጥ ተተከለ። ቻርልስ ሊንድበርግ በሜይ 1927 ከኒውዮርክ ወደ ፓሪስ ብቻውን 33 ሰዓት ተኩል ሲበር፣ አውሮፕላኑ ሲነሣ ከነበረው ክብደት ከግማሽ በላይ የሆነው ነዳጅ ነበር። ክብደት ለመቀነስ ሲል ሬዲዮ እንኳ አልያዘም።

እነዚህን ሁለት በረራዎች ስናደንቅ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚበር ሰው ከፊቱ የሚጠብቀው አህጉር ነው። ሊንድበርግ በ100 ወይም በ200 ኪሎ ሜትር ቢሳሳት ኖሮ ከአየርላንድ ይልቅ እንግሊዝን ወይም የፈረንሳይን ጠረፍ ባገኘ ነበር። አውሮፓን ስቶ ማለፍ ያስቸግራል። (ሊንድበርግ አልተሳሳተም፤ የአየርላንድን ጠረፍ ያገኘው ካሰበው ቦታ ብዙም ሳይርቅ ነው።) በፓስፊክ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዚያው በ1927 ኦገስት ወር ከካሊፎርኒያ ወደ ሃዋይ በተደረገው የዶል የአየር ውድድር ሁለት አውሮፕላኖች ብቻ መድረሻቸው ሲገቡ፣ ሌሎች ሁለት ከነሰዎቻቸው በውቅያኖስ ላይ እንደጠፉ ቀርተዋል። ሃዋይ ደግሞ ከሃውላንድ ጋር ስትነጻጸር ተራራ ያላት፣ ከሩቅ የምትታይ ግዙፍ አገር ናት።

እንደ ጓዝ የተጫነችው ሴት

አሚሊያ ኤርሃርት በ1897 በአሜሪካ የካንሳስ ግዛት በምትገኘው በአቺሰን ከተማ ተወለደች። በ1920 መጨረሻ በካሊፎርኒያ ለጥቂት ደቂቃዎች አውሮፕላን ላይ ከወጣች በኋላ መብረር እንዳለባት ወሰነች። በቀጣዩ ዓመት ኔታ ስኑክ ከተባለች ሴት አብራሪ ትምህርት መውሰድ ጀመረች፤ ብዙም ሳትቆይ ቢጫ ቀለም የተቀባ አነስተኛ አውሮፕላን ገዛች።

ዓለም ያወቃት በ1928 ነው። በዚያ ዓመት ፍሬንድሺፕ በተባለ ባለ ሦስት ሞተር ፎከር አውሮፕላን አትላንቲክን የተሻገረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። አውሮፕላኑን ያበሩት ግን ዊልመር ስተልዝና ሉዊስ ጎርደን ነበሩ፤ እርሷ ተሳፋሪ ነበረች። ጋዜጦች ሲያወድሷት ራሷን ከድንች ጆንያ ጋር አመሳስላ በግልጽ ተናግራለች። ብዙ ሰው በዚህ ዓይነት ዝና ተደስቶ በተቀመጠ ነበር። እርሷ ግን ዕዳ እንዳለባት ሰው አራት ዓመት ተዘጋጅታ፣ ሊንድበርግ በተነሣበት ዕለት በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሜይ 20 ቀን 1932 ከኒውፋውንድላንድ ብቻዋን ተነሣች። በመንገድ ላይ የከፍታ መለኪያው ተበላሸ፤ በክንፎቹ ላይ በረዶ ጋገረ፤ ከተሰነጠቀው የጭስ ማውጫ ቱቦ የእሳት ነበልባል ይታይ ነበር። 14 ሰዓት ከ56 ደቂቃ በርራ በሰሜን አየርላንድ ለንደንደሪ አጠገብ በሚገኝ የከብት ግጦሽ ላይ አረፈች። አትላንቲክን ብቻዋን በአውሮፕላን የተሻገረች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። በጃንዋሪ 1935 ደግሞ ከሃዋይ እስከ ካሊፎርኒያ ብቻውን የበረረ የመጀመሪያው ሰው ለመሆን በቃች። እዚህ ላይ «ሴት» ማለት አላስፈለገንም፤ ከእርሷ በፊት ይህን ያደረገ ወንድም አልነበረምና።

ከምጽዋ እስከ ላኤ

በ1936 ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ባመቻቸው ገንዘብ ባለ ሁለት ሞተር ሎክሂድ ኤሌክትራ 10ኢ አውሮፕላን አገኘች። ዓላማዋ በምድር ወገብ አካባቢ ዓለምን መዞር ነበር። በማርች 1937 ወደ ምዕራብ አቅጣጫ ያደረገችው የመጀመሪያ ሙከራ በሃዋይ ስትነሣ በደረሰ አደጋ ከሸፈ። አውሮፕላኑ ተጠግኖ በጁን 1 ቀን ከማያሚ ወደ ምሥራቅ ጉዞ ተጀመረ። አብሯት የነበረው ፍሬድ ኑናን፣ ቀድሞ መርከበኛ የነበረና ፓን አሜሪካን የተባለው አየር መንገድ በፓስፊክ ላይ መስመር ሲዘረጋ ናቪጌተር፣ ማለትም የአውሮፕላኑን አቅጣጫና ቦታ እያሰላ የሚመራ ባለሙያ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ፓስፊክን ከእርሱ አብልጦ የሚያውቅ ናቪጌተር ጥቂት ነበር።

ከብራዚል ወደ ሴኔጋል ተሻግረው አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋረጡ። ከካርቱም ተነሥተው በጁን አጋማሽ ምጽዋ፣ ከዚያም አሰብ ደረሱ። ጊዜው ሁለቱም ወደቦች በኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ሥር የነበሩበት፣ ኢትዮጵያም በፋሺስት ወረራ ውስጥ የነበረችበት ወቅት ነበር። ከአሰብ ወደ ካራቺ ያደረጉት ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ በረራ ከቀይ ባሕር ወደ ሕንድ ክፍለ አህጉር ያለማረፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገ ነበር። ርቀቱ ቀላል ባይሆንም መንገዱ የዓረቢያን ደቡባዊ ጠረፍ ተከትሎ የሚሄድ ነው። የባሕር ዳርቻን በግራ እጁ ይዞ የሚበር ሰው ቢጠራጠር እንኳ የሚመለስበት መስመር አለው። ከአሰብ እስከ ካራቺ ያለውን በረራ ከላኤ እስከ ሃውላንድ ካለው ጋር ያነጻጸርነው ለዚህ ነው፤ በርቀት ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ቢለያዩም፣ በአቅጣጫ ፍለጋ ረገድ ግን የተለያዩ ዓለማት ናቸው።

በጁን 29 ቀን ላኤ፣ የዛሬዋ ፓፑዋ ኒውጊኒ፣ ሲደርሱ ወደ 35,000 ኪሎ ሜትር ጨርሰው ነበር። የቀራቸው ፓስፊክ ነው። በጁላይ 2 ቀን ረፋድ ላይ ወደ 4,160 ሊትር የሚጠጋ ነዳጅ ጭነው ተነሡ። አንድ ሊትር ነዳጅ 0.72 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል ብንል፣ ነዳጁ ብቻ ሦስት ቶን ነው። እስከ ሃውላንድ ያለው ርቀት 4,113 ኪሎ ሜትር ነበር።

የአንድ ዲግሪ ዋጋ

ናቪጌተሩ በእጁ የነበሩት ዘዴዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ከፍጥነት፣ ከአቅጣጫና ከጊዜ ተነሥቶ ያለበትን ቦታ ማስላት ነው። «በሰዓት ይህን ያህል እየበረርኩ፣ በዚህ አቅጣጫ፣ ይህን ያህል ሰዓት ስለሄድኩ አሁን እዚህ ነኝ» ማለት ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ችግሩ ስሕተቱ መጠራቀሙ ነው። በአቅጣጫ ላይ አንድ ዲግሪ ብቻ ብንሳሳት፣ በ4,113 ኪሎ ሜትር መጨረሻ ላይ ከዒላማችን የምንርቀው የአንድ ዲግሪ ታንጀንት በርቀቱ ተባዝቶ ነው፤ ይህም 72 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ነፋስ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነፍስ ያልታወቀ የጎን ነፋስ በአሥር ሰዓት ሌሊት አውሮፕላኑን 100 ኪሎ ሜትር ይገፋዋል፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያሉ ሰዎችም ምንም አይሰማቸውም። አየሩ ራሱ ተሸክሟቸው ስለሚሄድ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያዘነብል ነገር የለም። በቀን የባሕሩን ሞገድ እያዩ መንሸራተቱን መገመት ይቻላል። በጨለማ ግን ባሕሩ አይታይም። ኤሌክትራ ቦታዋን በግልጽ ያስታወቀችው ከተነሣች ከሰባት ሰዓት ጥቂት ካለፈ በኋላ በኑኩማኑ ደሴቶች አካባቢ ሳለች ነው። ከዚያ በኋላ ወደ 2,700 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀትና አንድ ሙሉ ሌሊት ይቀራት ነበር።

ሁለተኛው ዘዴ ከዋክብት ናቸው። በሜዳ መካከል የቆመ ረጅም የመብራት ምሰሶ እናስብ። ዓይናችንን ወደ አምፖሉ አንሥተን ከአድማስ በላይ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ብንለካ፣ ከምሰሶው ምን ያህል እንደራቅን እናውቃለን። በየትኛው ጎን እንደቆምን ግን አናውቅም፤ በምሰሶው ዙሪያ በተሣለ አንድ ክብ ላይ ነን። ሴክስታንት በተባለው መሣሪያ የአንድን ኮከብ ከፍታ የሚለካ ናቪጌተርም በምድር ላይ አንድ ግዙፍ ክብ ያገኛል። ክቡ እጅግ ሰፊ ስለሆነ በካርታው ላይ የሚታየው ቁራጭ ቀጥታ መስመር ይመስላል። ሁለተኛ ኮከብ ከለካ ሁለተኛ መስመር ያገኛል፤ ሁለቱ የሚቋረጡበት ነጥብ ያለበት ቦታ ነው። ሰዓቱ ትክክል መሆን አለበት፤ ምድር በአራት ሴኮንድ የዲግሪን አንድ ስልሳኛ ስለምትዞር፣ አራት ሴኮንድ የሚሳሳት ሰዓት በምድር ወገብ ላይ 1.85 ኪሎ ሜትር ስሕተት ያመጣል። ኑናን በላኤ ሳለ ሰዓቱን በሬዲዮ ምልክት ለማስተካከል ያን ያህል የተጨነቀው ለዚህ ነበር።

ደመና ካለ ከዋክብት የሉም። ሲነጋም ከዋክብት የሉም። በማለዳ የሚቀረው አንድ አካል፣ ፀሐይ ብቻ ነው፤ አንድ አካል ደግሞ የሚሰጠው አንድ መስመር ብቻ ነው።

157 እና 337

የአሚሊያ የመጨረሻው መልእክት ሁለት ቁጥሮች ይዟል፤ 157 እና 337። ብዙ ጸሐፊዎች እነዚህን ቁጥሮች እንደ እንቆቅልሽ ያቀርቧቸዋል። እኛ ግን በአንድ ወረቀት ላይ ልናገኛቸው እንችላለን። በጁላይ 2 ቀን ፀሐይ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 23 ዲግሪ ላይ ነበረች። በምድር ወገብ አጠገብ ላለ ሰው በዚያ ዕለት ፀሐይ የምትወጣው ከትክክለኛው ምሥራቅ 23 ዲግሪ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብላ ነው። አቅጣጫን ከሰሜን ጀምረን በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ስንቆጥር ምሥራቅ 90 ስለሆነ፣ 90 ሲቀነስ 23 እኩል ይሆናል 67። ከፀሐይ የሚገኘው የቦታ መስመር ወደ ፀሐይ ከሚያመለክተው አቅጣጫ ጋር ዘጠና ዲግሪ ይሠራል። 67 ሲደመር 90፣ 157 ነው። የዚህ መስመር ተቃራኒ ጫፍ 180 ሲደመርበት 337 ነው።

ስለዚህ ኑናን ፀሐይ ስትወጣ ለክቶ አንድ መስመር እንዳገኘ፣ መስመሩንም በስሌት ወደ ፊት እየገፋ በሃውላንድ ላይ እንዲያልፍ እንዳደረገው መገመት ይቻላል። መስመሩ ከበረራቸው አቅጣጫ ጋር ዘጠና ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማዕዘን ስለሚሠራ፣ ምን ያህል ወደ ፊት እንደሄዱ በሚገባ ይነግራቸዋል። ከደሴቲቱ በስተሰሜን ይሁኑ ወይስ በስተደቡብ ግን ምንም አይነግራቸውም። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚዘረጋ መንገድ ላይ «የመንገዱን ምልክት አልፌአለሁ» እያለ የሚያውቅ፣ ነገር ግን ከመንገዱ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ የማያውቅ ሰው ዓይነት ሁኔታ ነው።

በዚህ ላይ ካርታው ራሱ ሃውላንድን ወደ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ከትክክለኛ ቦታዋ አዛብቶ ያሳይ ነበር። ከተነሡ ከ19 ሰዓት ከ12 ደቂቃ በኋላ አሚሊያ ከመርከቡ በላይ መሆን እንዳለባቸው፣ ግን ማየት እንዳልቻሉና ነዳጅ እያነሰ መሆኑን፣ ከፍታቸውም 300 ሜትር ያህል እንደሆነ ተናገረች። ከ300 ሜትር ከፍታ አድማሱ 62 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ይህ ግን የጂኦሜትሪ አድማስ ነው። ሃውላንድ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ አምስት ወይም ስድስት ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የማለዳ ፀሐይ ከፊት ለፊት ታበራለች፤ የደመና ጥላዎችም በባሕሩ ላይ ደሴት መስለው ይታያሉ።

የሬዲዮው እክል

ሦስተኛው ዘዴ ሬዲዮ ነበር። የቀለበት ቅርጽ ያለው አንቴና ሲዞር የሚሰማው ምልክት አንድ ጊዜ ይጎላል፣ አንድ ጊዜ ይደክማል። የቀለበቱ ፊት በቀጥታ ወደ ማሠራጫው ሲዞር ምልክቱ ይጠፋል፤ ያ የጠፋበት አቅጣጫ የጣቢያውን አቅጣጫ ያመለክታል። ዘዴው በዝቅተኛ ድግግሞሽ፣ ማለትም የመሬትን ገጽ ተከትለው በሚጓዙ ረጃጅም ሞገዶች በሚገባ ይሠራል። በከፍተኛ ድግግሞሽ ግን ሞገዱ በላይኛው ከባቢ አየር ነጥሮ ከላይም ስለሚመጣ «የጠፋበት» አቅጣጫ ይደበዝዛል። የአውሮፕላኑ ብረት ራሱም ሞገዱን ያዛባል።

አሚሊያ ኢታስካን የጠየቀችው በ7,500 ኪሎ ኸርዝ ምልክት እንድትልክላት ነበር። የብርሃንን ፍጥነት ለዚህ ብናካፍል የሞገዱ ርዝመት 40 ሜትር ነው። ለአቅጣጫ ፍለጋ በተለመደው በ500 ኪሎ ኸርዝ ግን 600 ሜትር ይሆናል። ምልክቱ ተላከ፤ ሰማችውም። ሆኖም የሚጠፋበትን አቅጣጫ ማግኘት እንዳልቻለች አስታወቀች። የመርከቡ ሰዎች በበኩላቸው የእርሷን ድምፅ ይዘው አቅጣጫዋን ሊፈልጉ ሞክረዋል። ንግግሯ ግን እጅግ አጭር ስለነበረ መሣሪያውን አዙረው ሳይጨርሱ ድምፁ ይቋረጥ ነበር። ሁለቱ በራሪዎች የሞርስ ኮድን አቀላጥፈው ስለማያውቁ፣ ንግግር በማይሰማበት ጊዜ የሚያገለግለው መንገድም ዝግ ነበር። በእኛ አስተያየት የዚያ ማለዳ አሳዛኙ ክፍል ይህ ነው። መርከቧ እርሷን ለማግኘት ትጥራለች፣ እርሷም መርከቧን ለማግኘት ትጥራለች፤ ማን ማንን እንደሚፈልግ ግን አስቀድሞ ቁርጥ ባለ መንገድ አልተስማሙም።

ከተነሡ ከ20 ሰዓት ከ13 ደቂቃ በኋላ በ157–337 መስመር ላይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እየበረሩ መሆናቸውን ተናገረች። ያ የመጨረሻው የታወቀ መልእክት ነው።

ሆን ብሎ መሳት

እዚህ ላይ ከስድስት ዓመት በፊት የተደረገ ሌላ በረራ ማንሣት ያስፈልጋል። በ1931 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቺቸስተር ከኒውዚላንድ ወደ አውስትራሊያ ብቻውን ሲበር በመካከል ኖርፎክና ሎርድ ሃው የተባሉ ሁለት ትናንሽ ደሴቶችን ማግኘት ነበረበት። አውሮፕላኑ በውኃ ላይ የምታርፍ ባለ አንድ ሞተር ጂፕሲ ሞዝ ናት። አውሮፕላን እያበረሩ በሴክስታንት መለካት በራሱ ድፍረት ነው። ዋናው ብልኃቱ ግን ሌላ ነበር፤ ደሴቲቱን በቀጥታ አላነጣጠረም። ሆን ብሎ ከደሴቲቱ ወደ አንድ ጎን ብዙ ርቀት ፈቀቅ ብሎ በረረ። በፀሐይ የተለካው መስመር ላይ ሲደርስ ደሴቲቱ በየት በኩል እንደሆነች አይጠራጠርም፤ ሆን ብሎ ወደ ግራ ከሳተ በቀኝ በኩል መሆን አለባት። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ከዚያም መስመሩን ይዞ እስኪያገኛት ድረስ ይበራል።

አንባቢ ይህን ዘዴ ሲሰማ የሚመጣበት ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ኑናን ይህን አላደረገም ወይ? ዘዴውን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ የባሕር ናቪጌተሮች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ነው። «ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ» የሚለው ቃል ግን በሁለቱም አቅጣጫ እየፈለጉ እንደነበር ይጠቁማል፤ በአንድ ጎን ሆን ብሎ የሳተ ሰው በሁለቱም ጎን አይፈልግም። ምናልባትም ኑናን ከሬዲዮው የሚመጣ እርዳታ ይኖራል ብሎ አስቦ ይሆናል። ነዳጅ ደግሞ ለጥንቃቄ ዋጋ ያስከፍላል፤ ፈቀቅ ብሎ መብረር ርቀት ይጨምራል። የቺቸስተር ዘዴ ጥንካሬው እርግጠኛ አለመሆንን አስቀድሞ በስሌቱ ውስጥ ማስገባቱ ነው።

ፍለጋውና ከዚያ በኋላ

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሌክሲንግተን የተባለችውን አውሮፕላን ተሸካሚና ኮሎራዶ የተባለችውን የጦር መርከብ ጨምሮ ወደ 650,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ባሕር ፈተሸ። በጁላይ 19 ቀን ፍለጋው ቆመ። አሚሊያ በሕግ እንደሞተች የተቆጠረችው በጃንዋሪ 5 ቀን 1939 ነው።

ግምቶች ብዙ ናቸው። ብዙ ባለሙያዎች የሚቀበሉት ነዳጅ አልቆ በሃውላንድ አካባቢ ሰጥመዋል የሚለውን ነው። ሌሎች ደግሞ በዚያው በ157 ዲግሪ መስመር ላይ ወደ ደቡብ 650 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በኒኩማሮሮ ደሴት አርፈዋል ይላሉ። ይህ ግምት ቢያንስ ከቁጥሮቹ ጋር ይስማማል፤ ያሳመነ ማስረጃ ግን እስካሁን አልተገኘለትም። በጃፓኖች ተይዘዋል የሚለውን ወሬ እዚህ ላይ ለመዘርዘር ገጻችን አይበቃም። በ2024 መጀመሪያ ላይ በድምፅ ሞገድ የተነሣ የባሕር ወለል ምስል አውሮፕላኗን ይመስላል ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በቅርብ ሲታይ የድንጋይ ክምር ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ በኪስ የሚያዝ ስልክ የኑናንን ሥራ በአንድ አፍታ ይሠራል። መሠረቱ ያው ነው፤ በከዋክብት ፋንታ ሳተላይቶች፣ በክቦች ፋንታ ሉሎች። ቢያንስ አራት ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ፤ ሦስቱ ለቦታ፣ አራተኛው የስልኩን ሰዓት ለማረም። በናቪጌተሩ ሰዓት ላይ የአራት ሴኮንድ ስሕተት ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ያሳስት ነበር፤ በሳተላይቱ ዘዴ ደግሞ የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ስሕተት 30 ሴንቲ ሜትር ያሳስታል።

በሃውላንድ ላይ ለአሚሊያ ማረፊያ ተብሎ ሜዳ ተጠርጎ ነበር። ደሴቲቱ ዛሬ ነዋሪ የላትም። በዳርቻዋ በአሚሊያ ስም የተሰየመ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጎድቶ በ1960ዎቹ እንደገና የታነጸ የድንጋይ ማማ ቆሟል። የሚያገለግለውም በቀን የሚያልፉ መርከበኞች ከሩቅ አይተው የት እንዳሉ እንዲያውቁ ነው።